ጥሬ ነው፣ ለብለብ?

የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ ጧፉን እያጠፋ ወደየቤቱ ሲበተን የእኛ ሰፈር አባወራዎች ወደ ቤታቸው አይገቡም። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ የሚመጡት ወደ እኛ ነው። ኮተቤ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ዳገቱ ገባ ብሎ ያለው ግቢያችን ሰፋ ስለሚል የቅርጫው በሬ ከዓርብ ጀምሮ የሚታሰረው እኛ ጋ ነው። ለስምንት ቤት አንድ በሬ። ጎህ ሳይቀድ ይጣላል፤ ቆዳው ይገፈፋል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል በተጎዘጎዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ስምንት መደብ ሥጋ ተደርድሮ ይታያል።

ቅርጫ ላይ ማን ምን ይወዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽንጡ ለስምንት ይቆረጣል፤ ሻኛው ለስምንት፤ ጉበቱ ለስምንት፤ ጨጓራው ታጥቦ ለስምንት፤ አጥንቱ ሳይቀር በመጥረቢያ እየተፈለጠ ለስምንት ይደለደላል። የሚደለድሉት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ መደብ ከሌላው የሳሳ ሲመስላቸው ከዚያ አንስተው እዚህ ጣል ያደርጋሉ፤ ራቅ ብለው ያያሉ፤ ተመልሰው አንዲት ቁራጭ ያዛውራሉ። ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ ቁልፍ ይሰጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ ከኮቱ ኪስ ያገኘውን አዝራር። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ቁልፍህ ያረፈበት መደብ ያንተ ነው። በዚህ ቅር ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገለት እኩልነት ግን የሚዘልቀው እስከየበራችን ድረስ ነው። ሥጋው ደፍ ሲሻገር የሰው ልዩነት ይጀምራል።

አባቴ ሽንጡን ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ውኃ ሳይነካው ነው የሚፈልገው። ቢላዋውን ከዋዜማው ይስለዋል። ሥጋውን በግራ እጁ ይዞ ጫፉን በጥርሱ ይነክስና ከከንፈሩ ሥር ከታች ወደ ላይ ይቆርጠዋል። ልጆች ሳለን አፍንጫውን የሚቆርጥ እየመሰለን ዓይናችንን እንጋርድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ቁርጥ አይደፍርም፤ የእሱ ክትፎ ለብለብ ነው። አክስቴ ሥጋው ቀይ መልኩን እስኪያጣ ድረስ ካልተጠበሰ እጇን አትዘረጋም። “ደም ነው እኮ” ትላለች። እናቴ ደግሞ ሁሉን አብልታ ስታበቃ መጥበሻው ሥር የቀረውን፣ ጠርዙ ያረረውን ለቅማ ትበላለች። “እሷ ያረረውን ነው የምትወደው” እንላለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንል ኖረናል።

እኔ እስከ ሃያ ስምንት ዓመቴ የአባቴ ወገን ነበርኩ። ከልጆቹ ሁሉ ጥሬ ሥጋ የምበላው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ሁልጊዜ የእኔ ነበረች። የዛሬ አራት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ፋሲካ ደረሰ። አባቴ እንደ ልማዱ ከሽንጡ ስስ ጮማ ያለበትን መርጦ ቆረጠ፤ አዋዜ አስነካና “እንኪ ልጄ” ብሎ ዘረጋልኝ። “አባዬ፣ ዘንድሮ ጥሬ ይቅርብኝ” አልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። እንግድነት ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ “ምነው፣ ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?” አሉኝ። አባቴ ምንም አልተናገረም። ቁራጩን ወደ ሳህኑ መለሰው፤ እሱም አልበላውም። እጄ ንጹሕ አይደለም ብላ ነው ብሎ እንዳሰበ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከሳምንት በኋላ።

እኔን የከለከለኝ በእርግዝና ክትትሌ ጊዜ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተረጋግታ ያስረዳችኝ ነገር ነበር። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ አለ። በድመት ዓይነ ምድርና ባልበሰለ ሥጋ ይተላለፋል። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይይዘውና ያልፋል። ሴት ግን በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊሻገር፣ ጽንሱን ሊያስወርድ፣ የልጁን ዓይንና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ሥጋው በደንብ ከበሰለ ተሕዋሲው ይሞታል። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ ገባኝ። ስምንት አባወራ በተቀመጠበት፣ አባቴ ጉርሻ ዘርግቶ ሲጠብቀኝ ግን ያን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። በእኛ ዘንድ ሥጋን እንዴት ትወዳለህ የሚለው ጥያቄ ስለ አፍ ጣዕም ብቻ ተጠይቆ አያውቅም። ጥሬ የበላ ደፋር፣ የአገሩ ልጅ፣ የአባቱ ልጅ ይባላል። አብስሉልኝ ያለ ፈሪ ወይም ፈረንጅ ይሆናል። በሌላ ወገን ደግሞ ትምህርት የገፉ ሰዎች ጥሬ የሚበላውን ኋላ ቀር ሲሉት እሰማለሁ። ሁለቱም አነጋገር ያመኛል። ይህን ዘገባ ለመጻፍ የተነሣሁትም ከዚያ ማለዳ የተነሣ ነው።

ከሥጋ ቤቱ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ስለ ሰው ምርጫ ብዙ ይማራል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ ከኋላው ሙሉ ጎን ሥጋ ተሰቅሎ፣ ከፊቱ ሚዛኑ ተቀምጦ፣ ትእዛዙ ይዘንብበታል። “ግማሽ ከሽንጥ፣ ጮማ ጣል አርግበት።” “ለእኔ ቀይ ይሁንልኝ፣ ለጥብስ ነው።” “ሩብ ጉበት፣ ሩብ ጨጓራ፣ ለዱለት።” ሻኛ የሚል አለ፣ ጭቅና የሚል አለ፣ ታላቅና ታናሽን ለይቶ የሚጠራ አለ፣ ከጎድኑ ካልሆነ ብሎ የሚሟገት አለ። ክትፎ ጅማትና ሞራ የሌለበት ቀይ ሥጋ ይፈልጋል፤ ቅልጥም ለቅቅል ነው፤ ፍሪምባ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ቢቆይ ይወዳል። ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች እዚያው ጠብሰው ስለሚያቀርቡ ከቆራጩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የአጠባበሱ ነው። ደረቅ ነው? ለጋ ነው? ዝልዝል? በሸክላ?

በዚያ ደጃፍ ላይ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ሥጋው የዛሬ መሆን አለበት። ትናንት የታረደ ሥጋ ለቁርጥ አይጠየቅም። ይህ የአፍ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ጡንቻው ውስጥ ነው። በሬ እንደታረደ ሥጋው ለጥቂት ሰዓታት ልስልስ ሆኖ ይቆያል። ጡንቻው ውስጥ የቀረው ጉልበት ተሟጦ ሲያልቅ ክሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ሥጋው ይገትራል። እንደገና እንዲላላ በቀዝቃዛ ቦታ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መሰንበት አለበት። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሥጋን አቀዝቅዞ የማሰንበት ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ግን ያ መንገድ ዝግ ነበር። የቀረው መንገድ ሦስት ነው፤ ሳይገትር በጥሬው መብላት፣ ከገተረ በኋላ በወጥ ወይም በቅቅል ለረጅም ሰዓት ማብሰል፣ አለዚያም ዘልዝሎ ቋንጣ ማድረግ። የማዕዳችን ሥጋ ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ በየገጠሩ የሚታረደው ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ሲያርስ የኖረ በሬ ነው። ለዓመታት ቀንበር የተሸከመ ጡንቻ ደግሞ በችኮላ ጥብስ አይበገርም። ሰው በቀጭኑ እየቆረጠ በጥሬው ቢበላው ወይም ግማሽ ቀን ወጥ ውስጥ ቢያቆየው ሥጋውን ስለሚያውቀው ነው።

አክስቴ “ደም ነው” የምትለው ነገርም ማብራሪያ ይገባዋል፤ እንደሷ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸውና። በእርድ ጊዜ ደሙ በአብዛኛው ይፈሳል። ከተቆረጠ ሥጋ የሚወርደው ቀይ ፈሳሽ ማዮግሎቢን የሚባል፣ ጡንቻው ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ እያለፈ ሲሄድ ያ ቀለም ይለወጥና ሥጋው ቡናማ ይሆናል። ጥብስ ላይ የምንወደው ሽታና ጠይም ቅርፊት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚመጣው የሥጋው ገጽ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው። ውኃ ያለበት ነገር እዚያ ሙቀት አይደርስም። ስለዚህ መጥበሻው በደንብ ሳይግል ሥጋ የጨመረች፣ ወይም ሁለት ኪሎ በአንዴ ያጨቀች ሴት ጥብስ አይወጣላትም፤ ሥጋው ውኃውን ያወጣና በራሱ ጭማቂ ይቀቀላል። እናቴ ይህን ሁሉ ስም ሳትሰጠው ታውቀዋለች። ትንሽ ትንሽ እያደረገች ነው የምትጠብሰው፤ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን የምታገባው ሥጋው ጠይሞ ካበቃ በኋላ ነው። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ሰማችኝና “ይሁን፣ ግን ደም ይመስላል” አለች። መብቷ ነው። ሰው የሚበላው በዓይኑም ጭምር ነውና ከዚያ በኋላ አልሞገትኳትም።

ስለ ጥሬ ሥጋ ታሪክ ሲነሣ ሁለት ትረካ ይደጋገማል። አንደኛው፣ ጥንት ወታደሮች ጭሱ ለጠላት እንዳይታይ እሳት ሳያነድዱ ሥጋ መብላት ጀመሩ፤ ልማዱም ከዚያ ቀረ የሚለው ነው። ውብ ትረካ ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ጥሬ ሥጋ የድግስ ምግብ ሆኖ ነው በታሪክ የምናገኘው፣ ጭስ የሚያስፈራው ሰው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ያየው ጥሬ ሥጋ የሚበላበት ግብዣ የመኳንንት ግብዣ ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1790 ጉዞውን በአምስት ጥራዝ ሲያሳትም ያንን ግብዣና በመንገድ ላይ ከቁም ከብት ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ያለውን ጻፈ። የለንደን ሰዎች ብዙዎቹ ሊያምኑት አልፈለጉም፤ መሳቂያ አደረጉት። ከመቶ ዓመት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በሚደረገው ግብር በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ ወደ አዳራሹ እየገባ ሲበላ፣ አሳላፊዎች ብርንዶውን ተሸክመው በየመደቡ መካከል ያልፉ ነበር። እንግዳው የወደደውን ብልት በራሱ ቢላ ይቆርጣል። ግብር የማዕረግ ቦታ ስለነበር ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። ከፊቱ ከሚያልፈው ሥጋ የቱን እንደሚቆርጥ ግን የራሱ እጅ ይወስናል።

ሁለተኛው ትረካ፣ ጥሬ ሥጋ የሐበሻ ሁሉ ባሕርይ ነው የሚለው ነው። ይህም ልክ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ከክርስቲያኑ ጎረቤቶቻቸው ጋር ለዘመናት አብረው የኖሩት ቤተ እስራኤል ጥሬ ሥጋ አይበሉም ነበር። ከጎረቤት የሚለያቸው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያ፣ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በሥጋ ግን ይለያያሉ። ጥሬ ሥጋን የእኛ ብቻ ማድረግም ትክክል አይሆንም። ሊባኖሶች ጥሬ ሥጋን ከስንዴ ጋር ፈጭተው ክቤ ናዬ ይሠራሉ። ፈረንሳዮች ስቴክ ታርታር አላቸው። ጣሊያኖች ካርፓቾ የሚሉት ስስ ጥሬ ሥጋ የተወለደው ቬኒስ ውስጥ ነው። ሃሪስ ባር የሚባለው ቤት ባለቤት ጁዜፔ ቺፕሪያኒ እንደተረከው፣ ምግቡን የሠራው ሐኪም የበሰለ ሥጋ ለከለከላት አንዲት ደንበኛው ነበር። እኔን ሐኪም ቤት ጥሬ ሲከለክለኝ እሷን ደግሞ የበሰለ ከለከላት። ቺፕሪያኒ ግን ስለ ድፍረቷም ስለ አገሯም አልጠየቃትም፤ የምትበላውን ሠራላት።

አሁን ወደማልዘለው ጉዳይ ልምጣ። አያቴ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ኮሶ ትጠጣ ነበር። ሕፃን ሆኜ የማስታውሰው ቀኑን ነው። ያን ዕለት በሩ ይዘጋል፤ እንግዳ አይገባም፤ “ኮሶ ጠጥተዋል” ሲባል የመጣው ሰው ሁሉ ነገሩ ገብቶት ይመለሳል። ኮሶ በደጋችን የሚበቅል ረጅም ዛፍ ነው። የአንጀት ትል መድኃኒት የሚሆነው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ሲሆን፣ መራራነቱ የቋንቋችን መለኪያ እስኪሆን ድረስ የከፋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ተሻግሮ ነበር። መድኃኒቱና ትሉ አንድ ስም መጋራታቸው ራሱ ብዙ ይናገራል።

የኮሶ ትል ዑደት ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከከብቱ አንጀት ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ፣ በተለይም በመንጋጋ፣ በምላስ፣ በልብና በትከሻ ሥጋ ውስጥ እንደ አተር ፍሬ ያለች ውኃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ አንጀቱ ውስጥ ትልቅ ትል አለ። የቄራ መርማሪ የመንጋጋውን ሥጋ ሰንጥቆ፣ ምላሱንና ልቡን ቆርጦ የሚያየው ያቺን ከረጢት ፍለጋ ነው። ጥቂት ሲሆኑ በቀላሉ ያመልጣሉ። ግቢያችን ውስጥ በሚታረደው የቅርጫ በሬ ላይ ደግሞ ጭራሹን መርማሪ የለም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ። ውጭ አገር የኖሩ ዘመዶቻችን “ፈረንጅም እኮ ውስጡ ቀይ የሆነ ስቴክ ይበላል” ይላሉ። እውነት ነው። የዚያ ስቴክ ሐሳብ ግን ባክቴሪያ የሚያርፈው ባልተከተፈ ሥጋ ገጽ ላይ ስለሆነ ገጹን በኃይል መጥበስ ይበቃል የሚል ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ላልተከተፈ የከብት ሥጋ 63 ዲግሪና የሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨው ግን 71 ዲግሪ የሚመክረው። ሥጋ ሲፈጭ የገጹ ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። የኮሶ እጭ ግን ገጽ ላይ አይደለም፤ ጡንቻው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውስጡ ጥሬ የሆነ ለጋ ጥብስ ከኮሶ አያድንም። ወደ 60 ዲግሪ የዘለቀ ሙቀት ይገድለዋል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት የሰነበተ ሥጋም እጩ ይሞትበታል፤ ቅዝቃዜው ባክቴሪያን ባያጠፋም። አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ከሆነ ደግሞ ማብሰልም መተማመኛ አይሆንም። ታሞ የነበረ ወይም በድንገት የሞተ ከብት ጥሬም ብስልም አይበላም። በዚህ ላይ የምርጫ ጉዳይ የለም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ከቁርጡ ለማስነሣት አይደለም። የኮሶ ትል ዛሬ በአንድ ጊዜ ክኒን የሚወጣ በሽታ ነው፤ አዋቂ ሰው አውቆ የሚወስደው አደጋ ይኖራል። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥሬ ሥጋውን ይበላል፤ ምርመራውን ያደርጋል። የምለው እያንዳንዱ ሰው አውቆ ይምረጥ፣ ከመረጠ በኋላ ደግሞ እንተወው የሚለውን ነው። እርጉዝ ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሕመምተኛን ጥሬ ካልጎረስክ ብሎ ማስጨነቅ ፍቅር ቢመስልም ፍቅር አይደለም። ጉርሻ መመለስ የሚያሳፍር ሆኖ በተሠራ ባህል ውስጥ ትልቁ ኃላፊነት የአጉራሹ ነው።

ይህን ኃላፊነት በትክክል ሲወጣ ያየሁት ክትፎ ቤት ነው። ክትፎ የጉራጌ ነው። ባለቤቶቹ ለመስቀል ከየተበተኑበት ከተማ ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ እናቶች ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቀሙት ቅቤ የሚወጣለት ምግብ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላዋል፤ ባራኪው ብቻ ይለያል። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ሚጥሚጣው፣ ቅቤው ውስጥ የገባው ኮሰረትና ኮረሪማ፣ ሁሉም በልክ የተሰላ ነው። አንዲት በዚህ ሥራ ያረጁ እናት ማዕድ ቤታቸው አስገብተውኝ ቆሜ አየሁ። ሥጋው በማሽን አይፈጭም። ጅማቱ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ጣውላ ላይ በስለታም ቢላዋ እስኪልም ይከተፋል። ማሽን ሥጋውን ይጨምቀውና ያሞቀዋል ይላሉ። ቅቤው ይቀልጣል እንጂ አይጨስም። “ቅቤው ጣትሽን የሚያቃጥል ከሆነ ሥጋው ሳታዢው ይበስላል” አሉኝ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አስተናጋጇ ከአዳራሹ ብቅ ብላ ትእዛዙን ጠራች፤ “አንድ ጥሬ፣ ሁለት ለብለብ፣ አንድ በደንብ የበሰለ!” አራት ሰዎች ናቸው፣ ከአንድ ጠረጴዛ። እትዬ በአራት ጣባ ሦስት ዓይነት አድርገው ሠሩት። ለጥሬው ሞቅ ያለ ቅቤና ሚጥሚጣ አዋህደው ወዲያው አወጡት። ለብለቡን ቅቤው ላይ ጣል አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ገለበጡት፤ ዳር ዳሩ ነጣ ሲል፣ መሐሉ ሳይለወጥ አነሡት። የበሰለውን እሳት ላይ እያማሰሉ ቆዩ፤ እንዳይደርቅ ቅቤ ጨመሩለት። አራተኛውን ክትፎ ሲሠሩ ከመጀመሪያው ያነሰ ጥንቃቄ አላየሁባቸውም። ክትፎን ማብሰል ያበላሸዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ አልኳቸው። ቢላዋቸውን በጨርቅ እየጠረጉ “የሚበላው እሱ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?” አሉ። አዳራሹን በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አራቱ ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ከአራት ጣባ ይበሉ ነበር። ጥሬውን ያዘዘው ሰው ብስሉን ላዘዘው ጓደኛው ጉርሻ ሲሰጠው ያጎረሰው ከጓደኛው ጣባ አንስቶ ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ እንደነገረኝ እዚያ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ፣ ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ መብላት ለሕመም የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል የሚል ማሳሰቢያ መኖሩ ነው። ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ለፋሲካ ደግሞ ጓደኛሞቹ ተሰባስበው ገጠር ወዳለ እርሻ ይነዳሉ፤ በሬ ይገዛሉ፤ መደብ ይደለድላሉ። ባሕር ዛፍ ስለሌለ ፕላስቲክ ያነጥፋሉ፤ ዕጣው ግን በየመኪናቸው ቁልፍ ነው። ከዚያ ግማሹ ሥጋውን ትኩሱን ይበላል፤ ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሰንብቶ ለክትፎ ያወጣዋል። ማንም ማንንም ፈረንጅ አይለውም፤ ፈረንጁ አጠገባቸው ቆሞ እያለ ስድቡ ጉልበት ያጣል መሰለኝ።

ያለፈው ፋሲካ ማለዳ ቅርጫው እንደ ወትሮው ተደለደለ። የእኛ ዕጣ ጠጠር ነበረች። ልጄ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጠጠሯን ራሷ አስቀመጠቻት። አባቴ ቢላዋውን አነሣ፤ ከሽንጡ ቆረጠ፤ አዋዜ ከማስነካቱ በፊት ወደ እኔ ዞር ብሎ “ላንቺስ እንዴት ይሁን?” አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ጉርሻ ተነጋግረን አናውቅም። “ለብለብ” አልኩት። ወንድሜን ጠርቶ “ለእህትህ ለብለብ አድርግላት” አለው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ እንደሆነ ገና አላወቀም ነበር፤ እኔም እሁድ ዕለት አላወቅሁም ነበር።

እንግዳ ሸኝተን ማታ ላይ ዕቃ ስናጥብ እናቴን ጠየቅኋት። የሁሉንም ምርጫ በደብተሬ ስጽፍ የሷን “ያረረውን ትወዳለች” ብዬ ጽፌ ነበርና ማረጋገጥ ፈለግሁ።

“እማዬ፣ ሥጋ እንዴት ሲሆን ነው የምትወጂው?”

እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። “እኔ?”

“አዎ።”

“ስጠብስ ስውል እኮ ሽታው ያጠግበኛል። ምጣዱ ላይ የቀረውን የምለቅመው እንዳይጣል ብዬ ነው።” ትንሽ ዝም አለች። “እኔ የምወደው የማግስቱን ቅቅል ነው። እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ ቅልጥሙ ከጠዋት ጀምሮ ሲንፈቀፈቅ ውሎ፣ መረቁ ሲነጣ። ጨውና ቃሪያ ብቻ። በኩባያ ነው የምጠጣው፣ ቁጭ ብዬ።”

ሰኞ ጠዋት ከሷ ቀድሜ ተነሣሁና ቅልጥሙን ጣድኩ።